ዓሣውን ያስጾምኩ ጊዜ

ዓሣውን ያስጾምኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። የነቢያት ጾም ገብቶ ቤቱ ሁሉ ሲጾም እሱ ብቻ ትልና ዝንብ እየበላ መክረሙ ነውር ሆኖ ታየኝ፤ የክርስቲያን ወታደር ዓሣ ነዋ። እኔ ራሴ ገና ሰባት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩና ጾሙ አልደረሰብኝም፣ ጠዋት ጠዋት ቂጣዬን እገምጣለሁ። ለእሱ ግን ከዚያችው ቂጣ ቆርሼ በጨርቅ እቋጥርና ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠብቄ ፍርፋሪዋን ውሃው ላይ እበትንለታለሁ። ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሳቁ። መጨረሻውን ነግሬያቸው አላውቅም።

ጎባ ያን ጊዜ ከተማ አይባልም፣ ሰፈር ነው። አገሩ ከተያዘ ጥቂት ዓመቱ ነው፤ ከሸዋ የመጣው ወታደር በየጉብታው ላይ ጎጆውን ቀልሶ ተቀምጧል፣ የእኛም ቤት የጥድ ምሰሶ ገና ሙጫው ይንጠባጠብ ነበር። አባቴ ደጀኔ ከመንዝ የመጣ ጠመንጃ ያዥ ነው። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ከገሰራ በታች ለጥበቃ ከርሞ ሲመለስ፣ ከወይብ ወንዝ በነጠላው ጠልፎ የያዘውን ትንሽ ዓሣ በቅል ውሃ አድርጎ አመጣልኝ። የጣቴን ያህል ነው። ክንፎቹና ጅራቱ ቀላ ብለው ረዘም ያሉ ናቸው፣ ሲዋኝ ከኋላው ይጎተታሉ።

እናቴ ወለተኢየሱስ ያኔ ነፍሰ ጡር ናት። ዓሣውን አየት አደረገችና፣ "ለአንድ ጉርሻ እንኳ አይበቃም፤ ይህን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው የተሸከምከው?" አለችው።

"የሚበላ አይደለም። ወንድም እስክትወልጂላት ድረስ የእኅተማርያም ጓደኛ ነው" አላት። ሊጥ የምታቦካበትን ሰፊ ገበቴ አንሥቶ ውሃ ሞላበትና ዓሣውን ለቀቀው። እማዬ ስለ ገበቴዋ ሁለት ቀን አኮረፈች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጦሩ ወደ ደሎ ቆላ ወረደ። ዘመቻ ነው ይባል ነበር። የሰው ከብት ሊነዱ መሄዳቸውን የተረዳሁት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው። ያን ቀን የማውቀው አባባ ዳማ በቅሎውን ሲጭን እኔ እግር እግሩን እየተከተልኩ መነጫነጬን ብቻ ነው።

"መቼ ነው የምትመጣ?" አልኩት።

"ቶሎ። ዓሣው አደራ፣ እኅትዬ። ስመለስ መጀመሪያ እሱን ነው የማየው።"

"እስክትመጣ ቢሞትስ?"

"አይሞትም። እሱ ካለ እኔም አለሁ" አለና ሳቀ።

ኮርቻውን እያጠበቀ ነው እንዲህ ያለኝ፤ ምን እንደተናገረ እንኳ ልብ ያለው አይመስለኝም። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ የአባባ ነፍስ ያለችው ገበቴው ውስጥ ነው።

ኅዳር መገባደጃ ላይ እማዬ ወንድሜን ኃይለየሱስን ወለደች። ጓዳው ተጋርዶላት አራስ ሆና ተኛች። የጎባ ብርድ በዚያ ወቅት አይጣል ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። በዚያው ሰሞን ዓሣው መብላት ተወ። ክንፎቹን ጎኑ ላይ ለጠፋቸው። ጀርባው ላይ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነጭ ነገር ወጣበት። ገበቴው ጠርዝ ሥር በጎኑ ይተኛል፣ አልፎ አልፎ ብቻ ወደ ላይ መጥቶ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል። እኔም እያለቀስኩ ቂጣውን ጨመርኩለት።

የደረሰችልኝ አዴ ሩቂያ ናት። አዴ ሩቂያ የአገሩ ሰው ናት፣ ኦሮሞ፤ አዴ ማለት እንደ እኛ እትዬ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ገብሳችንን ትፈጫለች። ስለምትወደን የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። ገባር መሆኗን፣ እሷም መሬቷም ለአባባ ተመርተው የተሰጡ መሆናቸውን፣ አንድ ቀን ብትቀር ምን እንደሚደርስባት ያወቅሁት ካደግሁ ወዲያ ነው።

ወፍጮዋን ትታ መጥታ ገበቴው ላይ ጎንበስ አለች። ውሃውን በጣቷ ነክታ አሸተተችው።

"ምንድን ነው የምታበይው?"

"ቂጣ።"

"ቂጣ ብቻ?"

"ጾም ነዋ፣ አዴ።"

አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካስ እየሳቀች ነው። "ኢንተላ ኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። "የወይብ ዓሣ ጾም አያውቅም። ቂጣው ሥር ገብቶ በስብሶ ውሃውን አበላሽቶታል። ወይብ ደግሞ ሙቅ ነው፤ ይሄ ብርድ አሰረው።"

ውሃውን ሁሉ አንድ ጊዜ አትድፊ፣ ይደነግጣል አለችኝ። ግማሹን ቀድታ ደፋችና ምድጃ ዳር የቆየ ለብ ያለ ውሃ ተካችበት። ከአሞሌው ላይ በጥፍሯ ፈቅፍቃ ቅንጣት ጨው ጣለችበት። ገበቴውን ከበሩ ነፋስ አርቀን ምድጃው አጠገብ አኖርነው። ውሃው በየቀኑ እንዲሁ በግማሽ ይለወጣል። "ሁለት ቀን ምንም አትስጪው። ከዚያ ትል፤ ትንሽዬ ትል" አለችኝ።

ትል ደግሞ ሥጋ ነው። ጾሙ ሊፈታ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራል። ሁለቱን ቀን ስጨነቅ ሰነበትኩና በሦስተኛው ጠዋት የንስሐ አባታችንን አባ ገብረ መድኅንን ላስፈቅድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባ ቅጥሩ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጎረቤታችን ባሻ ኃይለመስቀል አሉ፤ የአባባ አገር ሰው ናቸው፣ በዕድሜያቸው ምክንያት ከዘመቻው ቀርተው ሰፈሩን ይጠብቃሉ። በቀስታ ያወሩ ነበር፣ ሲያዩኝ ዝም አሉ።

"አባ፣ የታመመ ይጾማል?" አልኳቸው።

አባ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "ማን ታመመ? እናትሽ ናት?"

"አይደለችም። ዓሣው ነው።"

ባሻ ፊታቸውን ወደ ጥዱ አዞሩ። አባ እንደገና ቁጭ አሉና ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉኝ። "ምን ሊበላ ነው የምታስፈቅጂለት?"

"ትል። አባባ አደራ ብሎኛል። ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያየው፣ እስከዚያ መዳን አለበት።"

አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩት። "የታመመ አይጾምም፣ ልጄ። ትሉንም ዝንቡንም ይብላ። ኃጢአት ካለበት በእኔ ይሁን።" ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ለዓሣ እንዲህ የሚያዝን ቄስ በማግኘታችን ደስ አለኝ።

እየሮጥኩ ስመለስ በባሻ ግቢ አጠገብ ማለፍ አለብኝ። በአጥሩ መሐል ዳማን አየኋት። የአባባ በቅሎ ናት፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቆረጥ ያለ ነው፣ አልሳሳታትም። ከስታለች፣ ጎኗ በመንገድ አቧራ ተለብጧል። ባሻ እያለከለኩ ከኋላዬ ሲደርሱ እኔ አጥሩን ይዤ እዘላለሁ።

"አባባ መጣ? አባባ መጣ?"

"በቅሎዋ... በቅሎዋ ቀድማ መጣች" አሉኝ።

"እሱስ?"

"ከኋላ ነው።" ሌላ ምን ይበሉ። ተንበርክከው ሁለት ትከሻዬን ያዙኝ። "ስሚኝ፣ እኅተማርያም። እናትሽ አራስ ናት። አርባዋን እስክትጨርስ ድረስ በቅሎዋን አየሁ ብለሽ እንዳትነግሪያት። አደራ።"

መርዶ ለአራስ አይነገርም። ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኑም አብሮ ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ አርባው ቀን ሞልቶ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ከዚያ አንድ ቀን ሲነጋ፣ ሰው ወደየሥራው ሳይበተን፣ ቄሱና ሽማግሌው ቀድመው ይገባሉ፤ ጉልበት ያላቸው ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጡላታል፤ ቀስ ተብሎ ይነገራታል። ወጉ ይህ ነው። አባባ ደሎ ውስጥ አንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ በጦር ተወግቶ ሞቷል። መልእክተኛው በቅሎዋንና ጋሻውን ለባሻ ያስረከበው እኔ ትል ላስፈቅድ በሄድኩበት ጠዋት ነው።

እኔ ግን በቅሎ ያለ ጌታዋ እንደማትመጣ ነው የማውቀው። አርባው ቀን ደግሞ የክርስትናው ድግስ ነው። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ አባባ ተደብቆ ሊቆይና በድግሱ ሰሞን ድንገት ገብቶ እማዬን ሊያስደስት ነው። ጭንቀቴ ዓሣው እስከዚያ ይድናል ወይ የሚለው ብቻ ሆነ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ አብሮኝ የተጨነቀ ይመስለኝ ነበር። ሴቶቹ ገንፎና ቅቤ ይዘው አራሷን ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ ሲወጡ እኔ ዘንድ ምድጃው አጠገብ ቆም ይላሉ። "ዓሣሽ እንዴት ዋለ?" ይሉኛል። "ዛሬ ግማሽ ትል በላ። አባባ ሲመጣ ይድናል" ስላቸው አንገቴን አቅፈው ይስሙኛል፣ አንዷማ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ሮጣ ወጣች። የባሻ ሚስት ገበቴው በብርድ እንዳያድር ብላ የራሷን ባና ሰጠችኝ። ባሻ ራሳቸው፣ ያ ሁሉ ጦርነት ያዩ ሽማግሌ፣ በየጠዋቱ ውርጭ ያደረቀውን ማሳቸውን በጦራቸው ጫፍ እየቆፈሩ ትል ይፈልጉልኝ ነበር። ጉልበታቸው መሬት ነክቶ ሲጭሩ አስቂኝ ነበሩ። አሁን ሳስበው፣ የሟቹን ልጅ ፊት እያዩ ዝም ማለት ስላልቻሉ እጃቸውን ሥራ ሰጡት።

እማዬ ከመጋረጃው ውስጥ ትጠራኛለች። "ከደሎ የመጣ ሰው አልሰማሽም?" ትለኛለች።

"አልሰማሁም" እላለሁ፣ ግን ሳቄ ያመልጠኛል። ከንፈሬን ነክሼ ፊቴን እመልሳለሁ።

እሷም ሳቄን አየች። ምን እንደደበቅኋት አልጠየቀችም፣ ጠርጥራለች። ከዚያ ወዲህ ገንፎዋን ሳታስተርፍ ትበላለች፣ ልጁን እያጠባች ታንጎራጉራለች። የባሻ ሚስት እንዴት እንዲህ ልቧ ሞላ እያለች ትገረም ነበር። ያበላኋት እኔ ነኝ፣ ባዶ ተስፋ።

አዴ ሩቂያ ብቻ ከእኔ ጋር ስለ አባባ አታወራም። መጥታ ውሃውን ትነካለች፣ ነጩን ነገር ታያለች፣ ጨው ትጨምራለች ወይም ትተዋለች። አንድ ቀን ምድጃው ዳር ቁጭ ብለን ሳለ፣ "አዴ፣ የአንቺ ባል የት ነው?" አልኳት።

ከጦጎና ወንዝ ማዶ ያለውን ጉብታ በአገጯ አሳየችኝ። "እዚያ።"

"መቼ ነው የሚመጣ?"

"አይመጣም። እኔ እሄዳለሁ።"

ከብት የሚጠብቅ መስሎኝ ብዙም አልጠየቅኋት። ባሏ የእኛ ሰዎች አገሩን በያዙበት ዓመት በጥይት ተመትቶ እዚያ ጉብታ ላይ ነው የተቀበረ። ይህን የነገረችኝ ልጇ ናት፣ ሁለታችንም ካገባን በኋላ። ለአዴ ሩቂያ መርዶ ያረዳት የለም፤ በሦስተኛው ቀን ሬሳውን ፈልጋ ያገኘችው ራሷ ናት። የማን ጥይት እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። የአባባን ዓሣ ለማዳን ጎንበስ ብላ ስትለፋ ምን ታስብ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ዓሣው ዳነ። በልደት ማግሥት ጠዋት ባናውን ገልጬ ሳይ ክንፎቹን ዘርግቶ ከጥግ ጥግ ይዞራል። ነጩ ነገር ከጀርባው ጠፍቷል። ጣቴን ውሃው ላይ ሳደርግ ወደ ላይ መጥቶ ትሏን ከጥፍሬ ጫፍ ነጠቀኝ። አዴ ሩቂያ ስትመጣ ወገቧን ይዤ ዘለልኩ። እሷም ራሴን ዳሰሰችኝ፣ ገበቴውን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ወፍጮዋ ሄደች።

ወንድሜ አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና ተነሣ። አባባ በድግሱ አልመጣም። ዳማም ከባሻ ግቢ ጠፍታለች፤ እማዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እንዳታያት ወደ ሮቤ ሜዳ ወስደዋት ነበር። እኔ አባባን ልታመጣ የሄደች መሰለኝ። በቃ፣ ዛሬ ወይም ነገ ነው ብዬ ሁለት ቀን ደጅ ደጁን አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ደጅ ኮቴ ይሰማል፣ የሰው ድምፅ ግን የለም። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አባ ገብረ መድኅን መስቀላቸውን ይዘዋል። ባሻ አሉ። ሴቶቹ ሁሉ፣ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥራችን ውስጥ ቆመዋል፣ ሌሎችም በበሩ እየገቡ ነው። ያን ያህል ሰው ደጃችን ላይ አይቼ አላውቅም። እየጠበቁ ያሉት ሁሉም እስኪሰበሰብ ነበር። ለእኔ ግን ያ ሁሉ ሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚመጣ። አባባን አጅበው አምጥተውታል፣ ከኋላቸው ደብቀውታል።

ምሥራቹን እኔ መናገር አለብኝ። አርባው አልቋል፣ የባሻን አደራ ጠብቄያለሁ። እየሮጥኩ መጋረጃውን ገለጥኩ።

"እማዬ፣ ተነሺ። አባባ መጥቷል፣ ሰው ሁሉ አጅቦት ደጅ ነው።"

ቀና አለች። "ማን ነገረሽ?"

"ዳማን አይቻታለሁ። ከመጣች ቆየች፣ ባሻ አትናገሪ ስላሉኝ ነው። ዓሣውም ድኗል።"

እማዬ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ከዚያም በኋላ አላየሁም። "ታውቂ ነበር እኮ፣ አንቺ ተንኮለኛ፣ ፊትሽ ላይ አየሁት" አለችኝ። ለበዓል ያስቀመጠችውን ጥልፍ ቀሚስ አወጣች። ኩል ልትኳል ፈለገችና፣ "ይቅር፣ እስክኳል ቆሞ አይጠብቀኝም" ብላ ተወችው። ፀጉሯን በእጇ ደመደመች። ወንድሜን በአዲስ ነጠላ ጠቅልላ አቀፈችው፣ "መጀመሪያ ልጁን ይየው" አለች። እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ሰዎቹ ሊገቡ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው በሩን ራሷ ከፈተችው።

በበዓል ቀሚሷ፣ ልጁን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ እየሳቀች ቆመች። በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግራ ትፈልጋለች።

"ደጀኔስ? የታለ?" አለች።

ሊያጽናኗት የተዘጋጁት ሁሉ፣ የሚናገሩትን ሲያሰላስሉ ያደሩት ሁሉ፣ ቀሚሷን እያዩ ደርቀው ቀሩ። አባ፣ "ወለተኢየሱስ፣ ልጄ" ብለው መስቀላቸውን ዘረጉላት። ባሻ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ። እማዬ የአንዱንም የሌላውንም ፊት አየች፣ ሳቋ ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር። ከሰው ሁሉ ኋላ፣ አጥሩ ሥር፣ ለወፍጮ የመጣችው አዴ ሩቂያ ሰውን በክርኗ እየገፋች መጣችና ልጁን ከእጇ ተቀበለቻት። ተቀብላት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል እማዬ ደጃፉ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ያኔ ነው የጮኹት።

እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ አባባን የደበቁት መስሎኝ፣ በሰዎቹ እግር መሐል እፈልገው ነበር።

ወንድሜ አልሞተም፤ የእማዬ ወተት ሲደርቅ የባሻ ሚስት እኅት አጠባችው። ዓሣውም ሌላ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ፣ ከዚያ ጠዋት በኋላ ማን እንደቀለበው አላስታውስም፤ እኔ ግን አልነበርኩም። እማዬ ስለዚያ ጠዋት አንድ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ እግሯ ሥር ወድቄ ይቅር በይኝ ብያት ነበር። "ልጅ ነበርሽ እኮ፣ ምኑን ነው ይቅር የምልሽ" ብላ አነሣችኝ። እውነቷን ነው፣ ቂም አልያዘችብኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እየሮጥኩ ገብቼ "እማዬ" ካልኳት መጀመሪያ ትቀመጣለች። ላሟ ወለደች ልላት ቢሆን፣ ዝናብ መጣ ልላት ቢሆን፣ ያለችበት መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። ሮቤ ተድሬ የመጀመሪያ ልጄን በሰላም ስወልድ ባሌ ምሥራቹን እንዲያደርስ ጎባ ሰው ላከ። ሰውየው ሲመለስ ግራ ገብቶት ነበር። "እናትሽ ደኅና ናቸው ወይ?" አለኝ። "ደጃፋቸው ቆመው አገኘኋቸው። እየሳቅሁ 'ምሥራች' ስላቸው መሬት ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ነው 'በል አሁን ንገረኝ' ያሉኝ።"